ገንዘቡስ የታለ? ለእማዬ የተጻፈ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ትምህርቱም ይገፋል፣ እኔም አብሬው እገፋለሁ።

ባለፈው በስልክ «አካውንቲንግ መደመርና መቀነስ አይደል እንዴ? ምኑ ነው እንዲህ የሚከብደው?» ብለሽኝ ነበር። ላስረዳሽ ስጀምር ወሬው ወደ ሌላ ሄደብን። እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

መደመሩማ ቀላል ነው፣ ካልኩሌተር አለ። መጀመሪያ የተማርነው ዴቢትና ክሬዲት (የሒሳቡ ግራና ቀኝ)፣ ጆርናልና ሌጀርም (የዕለት መመዝገቢያውና ዋናው መዝገብ) አንቺ የምታውቂው ነው። ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ካብራራው እምብዛም አልራቀም። ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ኮርስ ላይ ስንደርስ ግን ጥያቄው ተቀየረ። «ስንት ነው?» ቀረና «መቼ ነው? በማን ግምት ነው?» መጣ።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ገንዘብ ያዥ ነበርሽ። ጣትሽን ስፖንጁ ላይ እያረጠብሽ ትቆጥሪያለሽ። ከደረሰኙ ጋር ከገጠመ ቀኑ አለቀ። ገንዘብ ወይ ካዝና ውስጥ አለ፣ ወይ የለም። እኔም በዚያ ዓይን አድጌ ነው ክፍል የገባሁት።

መምህራችን ያመጡት ምሳሌ እንዲህ ነበር። አንድ ድርጅት የ12 ወር አገልግሎት ሊሰጥ 12,000 በቅድሚያ ተቀበለ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ደረሰኙ ተቆርጧል። በዚያ ዕለት ገቢው ስንት ነው? ዜሮ! ሁሉም ዕዳ ነው። ወር በመጣ ቁጥር፣ ሥራው ሲሠራ፣ 1,000 1,000 እየሆነ ወደ ገቢ ይዞራል። ከዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደንቦች አንዱ፣ አይኤፍአርኤስ 15 የሚባለውና እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት ስታንዳርድ ይህን በአምስት ደረጃ ያስኬደዋል። አምስቱን መሸምደድ አይከብድም። የሚከብደው፣ ዕቃ ሸጦ በዚያው ውል የሁለት ዓመት ጥገና የጨመረ ድርጅት ዋጋውን ለሁለቱ እንዴት እንደሚያካፍል መወሰኑ ነው።

አሁን ደግሞ ቦንድ። ይሄን ቀስ ብለሽ አንብቢው፣ እኔ የወደድኩት ምዕራፍ ነው። አንድ ድርጅት የ100,000 ቦንድ፣ ማለትም ለአበዳሪዎች የሚሸጥ የብድር ሰነድ፣ አወጣ። ገንዘቡን ከአምስት ዓመት በኋላ ይመልሳል፤ እስከዚያው በየዓመቱ 8,000 ወለድ ይከፍላል። ገበያው ግን ለእንዲህ ያለ ብድር 10 በመቶ ይጠይቃል። ስለዚህ ማንም 100,000 አውጥቶ አይገዛውም። ወደፊት የሚከፈለውን ሁሉ በ10 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ስትመልሺው 92,418 ገደማ ይመጣል። ድርጅቱ እጁ የሚገባው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት የወለድ ወጪ ስንት ነው? አንቺ 8,000 ትያለሽ፤ የወጣው ገንዘብ እሱ ነዋ። መዝገቡ ግን የ92,418ን 10 በመቶ ወስዶ 9,242 ይላል። 1,242ቱ በዚያ ዓመት ለማንም አልተከፈለም። ዕዳው ላይ ይደመርና ዕዳው 93,660 ይሆናል። እንዲህ እያለ አምስተኛው ዓመት ሲያልቅ 100,000 ላይ ያርፋል። ሠንጠረዡን በእጄ ሠርቼ የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ካዝናው ሲገጥምልሽ የሚሰማሽ ይሄ ነው መሰለኝ።

የእርጅና ቅናሽ ላይ ግን እስካሁን ልቤ አልረጋም። የንብረት ዋጋ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ላይ እየተካፈለ ወጪ የሚባልበት ነው። ማሽን በ120,000 ተገዛ እንበል። አሥር ዓመት ያገለግላል ተብሎ በየዓመቱ 12,000 ይቀነስለታል። አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ባለሙያ መጥቶ «ከእንግዲህ ከሦስት ዓመት አይዘልም» አለ። የቀረው 72,000 ለሦስት ይካፈልና በዓመት 24,000 ይሆናል። ያለፈው ዓመት መዝገብ አይነካም፤ በጊዜው በነበረው መረጃ የተገመተ ነውና ስህተት አይባልም። ያም ሆኖ ከካዝና 12,000ም 24,000ም አልወጣም። ገንዘቡ የወጣው ማሽኑ የተገዛ ቀን ነው። ግምት ስለተቀየረ ብቻ ትርፍ ይወርዳል። ገማቹ ትርፉ እንዲያምርለት የሚፈልግ ሰው ከሆነስ? ኦዲተር አለ፣ ግምቱም በማብራሪያ ይጻፋል ይሉናል። ይሁን። እኔ ግን ማብራሪያውን የሚያነብ ሰው ብዙ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ኪራይና ስለ ጡረታ ሒሳብ አላደክምሽም። ወደፊት ስለሚዞር ግብርማ ባላነሳብሽ ይሻላል፤ ክፍሉ በሙሉ ነው የሚያቃስተው።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በቡድን ስንሠራ ትራያል ባላንሱ (የዴቢትና የክሬዲት ድምር ማመሳከሪያው) በ270 አልገጥም አለን። ሁሉም ከመጀመሪያው መስመር ሊጀምር ሲል ያንቺ ዘዴ ትዝ አለኝ። ሁለት አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ለ9 አካፈልኩት፤ 30፣ ቀሪ የለውም። «ቁጥር ተገላብጦ የተጻፈበት ቦታ ፈልጉ» አልኳቸው። 630 የነበረው 360 ተብሎ ተገኘ። ከየት ተማርከው ሲሉኝ ከእናቴ አልኩ። የሆነ መጽሐፍ ልጠቅስላቸው ጠብቀው ነበር።

አሁን የገንዘብ ፍሰት መግለጫ ላይ ነን። እዚህስ አንቺን ነው የማስበው። ከትርፉ ይነሳና ያልወጣውን ወጪ መልሶ ይደምራል፣ ያልተሰበሰበውን ሽያጭ ይቀንሳል። አንድ ድርጅት 50,000 አተረፍኩ አለ። 12,000 የእርጅና ቅናሽ ትመልሺለታለሽ። ተሰብሳቢ ሒሳቡ (ሸጦ ገና ያልተከፈለው) በ40,000 ጨምሯል፤ ያንን ትቀንሺበታለሽ። ከሥራው ያገኘው ጥሬ ገንዘብ 22,000 ብቻ ሆነ። ስንት ምዕራፍ ተጉዘን መጥተን «ገንዘቡስ የታለ?» ወደሚለው ያንቺ ጥያቄ ገባን ማለት ነው። እንዲህ ያለው መግለጫ ከሌለ በወረቀት ላይ እያተረፈ ደመወዝ መክፈል ያቃተው ድርጅት አይታወቅም።

ፈተናው ደርሷል፣ ጸልዪልኝ። በነገራችን ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። የባንኩ መግለጫና ያንቺ መዝገብ አልገጥም ሲል መጀመሪያ የምታዪው የቱን ነበር? ያልተመነዘሩ ቼኮችን ወይስ የባንኩን አገልግሎት ክፍያ? ስንደዋወል ንገሪኝ። መድኃኒትሽንም በሰዓቱ ውሰጂ።

ልጅሽ