ችግኙ የደረቀው በዲዛይኑ ምክንያት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የላንድስኬፕ (የግቢና የመንገድ ዳር አረንጓዴ ቦታ) ዲዛይን ድርጅት እሠራለሁ። በየካፌው «ያ ሁሉ ችግኝ ለምን ደረቀ?» ሲባል እሰማለሁ። ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ ወደ እኛ ስለሆነ፣ ከውስጥ ሆኜ የማየውን ልናገር።

ሥራችን አበባ መምረጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ጊዜያችን ግን የሚያልቀው ውኃ ላይ ነው። ዝናቡ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ዋልካ መሬት ከሆነ ክረምት ላይ ሥሩ ውኃ ውስጥ ይዘፈቃል፤ የካቲት ላይ ያው መሬት እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የፍሳሽ ቦዩን ሳናስተካክል ዛፍ መሳል ዋጋ የለውም።

ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ዳር 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ብርዷ ሌላ ነው። ደንበኛው ግን «እንደ ባሕር ዳር ዘንባባ አድርጉልኝ» ይላል። ወይራ፣ የሐበሻ ጥድ ወይም ኮሶ ስናቀርብለት ፊቱ ይጠቁራል። ለምረቃው አይደርስማ! የትኛው ዛፍ የትኛውን አፈር እንደሚወድ ለማየት እኮ ወደ አንዱ የጎጃም ደብር ቅጥር ግቢ ጎራ ማለት ይበቃል። (ዋንዛ ደግሞ በደንብ ከተያዘ ያን ያህል አይዘገይም። ይህን ለማስረዳት የጠጣሁትን ማኪያቶ ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።)

ሌላው ችግር የምንጠራበት ጊዜ ነው። አስፋልቱ ፈስሶ፣ መሬቱ በሮለር ተጠቅጥቆ፣ የውኃውና የመብራቱ መስመር ከተቀበረ በኋላ ነው «አረንጓዴ አድርጉልን» የሚባለው። ለዛፍ የተረፈችው ጉድጓድ ጠጠርና የሲሚንቶ ፍርፋሪ የሞላባት ናት። አንድ ሳይት ላይ ፍርስራሹ ተጠርጎ ለም አፈር ይሞላ ብለን በሥዕሉም በሰነዱም ጻፍን። ኮንትራክተሩ ከላይ አንድ ስንዝር ቀይ አፈር በትኖ ሣር አነጠፈበት። ለፎቶ አሪፍ ነበር። ሚያዝያ ላይ ገለባ ሆነ።

የተከላው ቀንም ቢሆን የሚወሰነው በምረቃው ነው። ምረቃው ጥር ላይ ከሆነ ታኅሣሥ ላይ ይተከላል። ይህን ገበሬ ቢሰማ ይስቃል። ሪባኑ ሲቆረጥ ውሉም አብሮ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከብትና ፍየል ግን አድራሻውን ያውቃሉ።

ሥራውን እወደዋለሁ። ደመወዙ ብዙ አያወላዳም፣ ሥዕሉም አለቃ በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል፤ ያም ሆኖ ያስተከልነው ሾላ ጥላ ሥር ሊስትሮዎች ዕቃቸውን ዘርግተው ሳይ ደስ ይለኛል። እሱ ሾላ የተረፈው ከጎኑ ያለው ሱቅ ባለቤት ውኃ ስላልነፈጉት ነው። ውል ውስጥ አልነበሩም፣ ክፍያም አላገኙም።

አሁን የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞችም ስለመጣ፣ ለሚመለከታቸው የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጨረታ ሲወጣ የሁለት በጋ እንክብካቤ ራሱን ችሎ ዋጋ ይውጣለት። ከክፍያው የተወሰነው ተይዞ፣ ችግኞቹ ሁለተኛውን በጋ ሲያልፉ ተቆጥረው ይለቀቅ። እኛንም አስፋልቱ ከመፍሰሱ በፊት ጥሩን።

ከባሕር ዳር