የገረጣው ኮፒ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምህ?

ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ስጽፍልህ እጄ ከብዶኛል። የእናትህ ልቅሶ ላይ አልደረስሁም። መርዶውን የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነው። ልደውል እልና ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ እዘጋዋለሁ። እያደር ደግሞ አፈርሁ።

ዛሬ መብራት ጠፍቶ ኮፒ ቤቱን ሳጸዳ ከማሽኗ ሥር አንድ ወረቀት አገኘሁ። የእማማ የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ! ትዝ ይልህ የለ፣ በክረምት ይዘሃቸው መጥተህ፣ ነጠላቸው በዝናብ ርሶ። የመጀመሪያው ገርጥቶ ወጣ። «ውይ፣ ይችማ እኔን አትመስልም» ብለው ሳቁ። ሌላ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አንተንም «ማሽኗ አርጅታ ነው» አልሁህ። ከአፌ የመጣልኝን ነበር ያወራሁ። ምክንያቱን አሁን ነው የገባኝ።

ስድስተኛ ክፍል እያለን እስክሪብቶ ጸጉራችን ላይ አሽተን የወረቀት ቁርጥራጭ እናነሳ ነበር አይደል? በእሱም ጆሯችን ተቆንጥጧል። ምን ልበልህ፣ ያ ጨዋታ ነው ዛሬ እንጀራ የሚያበላኝ።

ማሽኗ ሆድ ውስጥ ድራም የሚባል፣ እንደ በርሜል ድብልብል ሆኖ የሚሽከረከር ነገር አለ። በጨለማ እያለ ላዩ በሙሉ ቻርጅ ይደረጋል፤ ቻርጅ የምልህ ያ እስክሪብቶ ሲታሽ ወረቀት የሚያነሳበት ኤሌክትሪክ ነው። ከዚያ መብራቱ መታወቂያውን ሲያበራው፣ ከነጩ ቦታ የተመለሰው ብርሃን ድራሙ ላይ ያርፋል። ብርሃን የነካው ቦታ ቻርጁን ይለቃል። ጥቁሩ ጽሑፍ ብርሃን ስለማይመልስ በእሱ ልክ ቻርጁ ይቀራል። እንግዲህ በዚያች ቅጽበት የእማማ ፊት ድራሙ ላይ አለ፣ ግን ማንም አያየውም። እኔ እዚህ ላይ ነው የምደነቅ።

ቀለሙ ፈሳሽ እንዳይመስልህ። ከበሶ ዱቄት እጅግ የላመ ፕላስቲክ ነው። በተቃራኒው ቻርጅ ስለሆነ ድራሙ ላይ ቻርጅ ያለበትን እየመረጠ ይለጠፋል። ወረቀቱ ሲያልፍ ደግሞ ከጀርባው ቻርጅ ይሰጠውና ዱቄቱን ከድራሙ ይነጥቃል። መጨረሻ ላይ ትኩስ ሮለር ያቀልጠዋል። ኮፒ ትኩስ ትኩስ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን ያመጣው ቼስተር ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሥራው የፈጠራ መብት ሰነድ ላይ ስለነበር ግልባጭ አሰልችቶታል። በ1938 ጥቅምት ወር፣ በእኛ 1931 መሆኑ ነው፣ አርበኞቻችን እዚህ ጎጃም ጣሊያንን ሲያስጨንቁ፣ እሱ ኒው ዮርክ ከረዳቱ ጋር ድኝ የተቀባ የዚንክ ሰሌዳ በመሐረብ ያሽ ነበር። የእኛው እስክሪብቶና ጸጉር! ቀኑንና «አስቶሪያ» የሚለውን የሰፈሩን ስም መስታወት ላይ ጽፎ ብርሃን አበራበት፤ ዱቄት ነሰነሰበት፤ ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ አሳተመው። ከዚያ ከ20 በላይ ኩባንያዎች «አንፈልግም» አሉት። ለቢሮ የሚሆነው ማሽን ገበያ የወጣው በ1959 ነው። 21 ዓመት! እኔ ስልክ ለመደወል ሦስት ዓመት መፍጀቴ ይሻላል ልበል? ተወው።

የእማማ ኮፒ የገረጣው ታዲያ በማሽኗ አይደለም፣ በክረምቱ ነው። የጮቄ ጉም እዚህ ድረስ ሲወርድ ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል። እርጥብ ወረቀት ቻርጅ አይዝም፣ ያፈሰዋል። ዱቄቱን የሚጎትትበት ጉልበት ያጣል። ያን ቀን እሽጉን ፈትቼ በር ላይ ትቼው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ወረቀቱን በላስቲክ አስሬ ነው የማሳድር።

ወረቀቷን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ገርጣ ትላለች እንጂ ዓይናቸው ደህና ይታያል፤ ሊስቁ ሲሉ ነው የሚመስሉ። መብራት ሲመጣ ለእኔ አንድ ኮፒ አስቀርቼ ነው ፖስታውን የማሽግ። ላስቲክ ሽፋን ውስጥ ግን እንዳትከታት። ቀለሙ ከርሞ ላስቲኩ ላይ ይጣበቃል። መጽሐፍ መሀል አድርጋት።