አረንጓዴ ህንፃ ስትሉ ቁጥሩንም ጠይቁልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም እንዴት ናችሁ። በህንፃ ዲዛይን ስራ ላይ ያለሁ አንባቢያችሁ ነኝ። ስለ አረንጓዴ ህንፃና ስለ ዘላቂ ዲዛይን መፃፍ መጀመራችሁን ሳይ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ፣ ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለምና። ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ፓኔል የተደረደረለት ወይ በረንዳው ላይ ተክል የተንጠለጠለበት ህንፃ ሁሉ ወዲያው አረንጓዴ ተብሎ ይፃፋል፣ ስንት ሃይል ይበላል፣ ውሃውስ፣ ከምንድነው የተሰራው ለሚለው ግን ፅሁፉ ውስጥ አንድም ቁጥር አይገኝም። ቁጥር ከሌለ አንባቢው ማስታወቂያውን ከስራው በምን ይለየው? እባካችሁ ቁጥሩን ጠይቁልን፣ የምለምናችሁ እሱን ነው፣ ለመጠየቅ ደግሞ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፣ ጥቂት ፅንሰ ሀሳቦችን መያዝ ይበቃል።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ህንፃው በአመት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል የሚለው ነው። ይቺ ቁጥር ካለች ቢሮን ከቢሮ፣ ሆቴልን ከሆቴል ማወዳደር ይቻላል፣ ከሌለች ግን የቱም ህንፃ ከየቱም ይሻላል ቢባል የሚከራከር የለም። ፓሲቭ ሃውስ የሚባለው የጀርመኖቹ ስታንዳርድ የተከበረው በዚ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በ1991 (አመተ ምህረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምፅፈው) ዳርምሽታት ከተማ ውስጥ ሰው ገባባቸው፣ ደንቡም ለማሞቂያ በካሬ ሜትር በአመት ከ15 ኪሎዋት ሰዓት እንዳያልፍ ነው፣ በዛ ላይ በር ላይ ማራገቢያ ተገጥሞ ቤቱ በ50 ፓስካል ግፊት ይፈተናል፣ በስንጥቅና በክፍተት የሚያልፈው አየር በሰዓት ከቤቱ ጠቅላላ አየር 0.6 እጥፍ መብለጥ የለበትም። ለቀዝቃዛ አገር የወጣ ነው ብትሉኝ ልክ ናችሁ፣ ሙቀት ባለበት ቦታ ጥያቄው ከማሞቅ ወደ ማቀዝቀዝ ይዞራል፣ ግን የሚለካ ነገር መኖሩ ነው ዋናው።

ቀጥሎ ፓሲቭ ዲዛይን ነው፣ ማለትም ህንፃው ማሽን ሳይገባበት በራሱ ቅርፅ፣ በአቀማመጡ፣ በመስኮቱና በጥላው ብቻ ምቹ እንዲሆን ማድረግ። እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የምወደው ይሄንን ነው ምክንያቱም አብዛኛው ነገር ወረቀት ላይ እያለ ምንም ወጪ የለውም። ጠዋትና ማታ ፀሀይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከመስኮቱ በላይ የሚወጣ መከለያ አያቆማትም፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ከፍ ስለምትል አጭር መከለያ ይበቃታል፣ ስለዚ የህንፃው ረጅሙ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ዞሮ ምስራቅና ምዕራቡ ጠባብና መስኮት ያነሰው ከሆነ ገና ምንም ሳይገዛ ብዙ ሙቀት ተከላከለ ማለት ነው። ይሄ መሬቱ ሲለካ የሚወሰን ነገር ነው፣ መሰረቱ ከተሞላ በኋላ ማንም መጥቶ ህንፃውን ሊያዞረው አይችልም። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ደግሞ ፀሀይ ከአናት ስለምትወርድ ከግድግዳው ይልቅ ጣሪያው ነው ትልቁን ሙቀት የሚቀበለው፣ ጣሪያን ነጭ መቀባትና ከስሩ አየር እንዲያልፍ ማድረግ ቀላል ይመስላል ግን ውጤቱ ትልቅ ነው።

መስታወትን በተመለከተ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ዙሪያውን በመስታወት የተሸፈነ ፎቅ ዘመናዊና አረንጓዴ ተብሎ ሲወደስ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። የፀሀይ ጨረር በአጭር ሞገድ መስታወቱን አልፎ ይገባል፣ ወለሉንና ዕቃውን ያሞቃል፣ የሞቀው ዕቃ ደግሞ ሙቀቱን መልሶ የሚለቀው በረጅም ሞገድ ነው፣ ረጅሙን ሞገድ መስታወት አያሳልፈውም፣ ስለዚ ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ ኤሲ ይገባል፣ ኤሲው የውስጡን ሙቀት አውጥቶ መንገድ ላይ ይደፋዋል፣ መንገዱም ይሞቃል ጎረቤት ህንፃም ይሞቃል። የመስታወቱ አምራች ስንት በመቶ የፀሀይ ሙቀት እንደሚያስገባ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገልፀዋል፣ 0.25 ከሆነ ሩቡን ብቻ ያስገባል 0.8 ከሆነ አብዛኛውን ነው። ይቺን ቁጥር የሻጩ ወረቀት ላይ ማግኘት ከባድ አይደለም፣ ጠያቂ ብቻ ነው የጠፋው።

ኢንሱሌሽንና ተርማል ማስ የሚባሉትን ሰው ሁሌ ያደበላልቃቸዋል። ኢንሱሌሽን እንደ ቴርሞስ ነው፣ ሙቀት እንዳያልፍ ያግዳል፣ አቅሙም ዩ ቫልዩ በሚባል ይለካል፣ ዝቅ ባለ ቁጥር የተሻለ ነው። ተርማል ማስ ግን አያግድም፣ ያዘገያል፣ ወፍራም የድንጋይ ወይ የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ውጦ ይዞት ይቆይና ማታ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት ቦታ ድንቅ ነው፣ ሌሊቱም እንደ ቀኑ በሚሞቅበት ግን ጭራሽ ሊጎዳ ይችላል፣ ሰው ሊተኛ ሲል ነው ግድግዳው ሙቀቱን የሚሰጠው። አንድን ግድግዳ አየሩን ሳያዩ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፣ ከሌላ ቦታ የተቀዳ ዲዛይን የማይሰራውም ለዚ ነው።

ይሄ ሁሉ ቲዎሪ ነው የሚል ካለ ሁለት ህንፃ ልጥቀስለት። የዚምባብዌ ዋና ከተማ ሀራሬ ውስጥ በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት ሴንተር የሚባለው የቢሮና የሱቅ ህንፃ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ነው፣ እንደ ሌላው ትልቅ ህንፃ የተለመደው ኤሲ አልተተከለለትም፣ ሌሊት ማራገቢያዎች ቀዝቃዛውን አየር በኮንክሪቱ ወለል ውስጥ ባሉ ክፍተቶች ያሳልፉታል፣ ኮንክሪቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ላይ ያ ቅዝቃዜ ሰራተኛውን ያገለግላል፣ የሞቀው አየር ደግሞ በጭስ ማውጫ መሰል ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር ያለው በ2001 የተጠናቀቀው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ የመንደሩን አፈር ትንሽ ሲሚንቶ ቀላቅሎ በተጨመቀ ብሎኬት ሰራው፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ አንሳፈፈው፣ በመሀላቸው አየር ስለሚያልፍ ቆርቆሮው የሳበው ሙቀት ክፍል ውስጥ ሳይወርድ ይወሰዳል። ኬሬ በ2022 በአርክቴክቸር ትልቅ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲወስድ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ሁለቱም ህንፃዎች ላይ ብልሀቱ ያለው ሴክሽኑ ውስጥ ነው፣ ማለትም ህንፃው ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ አየር ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚያሳየው ስዕል ላይ፣ ጋዜጣ ላይ ግን ሁሌ የሚወጣው የፊት ለፊቱ ፎቶ ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ ዝም ወደተባለው ልምጣ። የህንፃ ካርቦን፣ ማለትም ወደ አየር የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሁለት ነው፣ አንዱ ሰው ከገባበት በኋላ በመብራት በማቀዝቀዣ በሊፍት የሚወጣው ነው፣ ሌላው ገና ሲሰራ በሲሚንቶው በብረቱ በመስታወቱና በማጓጓዣው የወጣው ነው፣ ይሄኛው ኢምቦዲድ ካርቦን ይባላል። የመጀመሪያውን በኋላም መቀነስ ይቻላል፣ አምፖል ይቀየራል፣ ማሽን ይቀየራል፣ የሁለተኛው ግን በሩ ሳይከፈት አየር ላይ ወጥቶ አልቋል የሚመለስ ነገር የለም። ከአለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 8 በመቶ አካባቢ ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው፣ የሚገርመው ደግሞ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው የሚወጣው፣ ድንጋዩ በምድጃ ውስጥ ሲጋገር ተሰንጥቆ ካርቦኑን ይለቀዋል፣ ምድጃው እስከ 1450 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚ ፋብሪካው በንፁህ ኤሌክትሪክ ቢሰራ እንኳን ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ መፍትሄው ከሲሚንቶው ውስጥ ክሊንከሩን፣ ማለትም ከምድጃው ተጋግሮ የሚወጣውን ክፍል፣ መቀነስ ነው፣ በእሳተ ገሞራ አመድ፣ በብረት ፋብሪካ ዝቃጭ ወይ በተቃጠለ ሸክላ አፈር መተካት፣ ወይም ከጅምሩ ትንሽ ኮንክሪት የሚፈልግ ዲዛይን መስራት፣ ኮለኖቹን አቀራርቦ የወለሉን ውፍረት ማሳነስ ብቻ ብዙ ይቆጥባል። እና ከሁሉም የሚበልጠው ደህና አፅም ያለውን ነባር ህንፃ አድሶ መጠቀም ነው። ጤነኛ ህንፃ ፈርሶ በቦታው አረንጓዴ የተባለ አዲስ ሲቆም የፈረሰው ኮንክሪት ካርቦን ሂሳብ ውስጥ ገብቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ አልገባም።

እዚ ጋ ላይፍ ሳይክል አሰስመንት የሚባለው ይመጣል፣ የአንድን ዕቃ ጉዳት ከጥሬ ዕቃው ቁፋሮ ጀምሮ እስከ መጣያው ድረስ መቁጠር ነው። አምራቹ ዕቃችን አነስተኛ ካርቦን ነው ሲል ቆጠራው የቆመው የት እንደሆነ ይጠየቅ፣ ፋብሪካው በር ላይ ከሆነ ማጓጓዣውም ጥገናውም መጣያውም አልተቆጠረም።

ውሃ ላይ ብዙ አልልም፣ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው፣ ጣሪያችሁን ለክታችሁ ማባዛት ነው። ከእጅ መታጠቢያና ከሻወር የሚወጣው ግሬይ ዋተር ተጣርቶ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ይሆናል፣ ከሽንት ቤት የሚወጣው ግን ሌላ የማጣሪያ ዘዴ ነው የሚፈልገው፣ ሁለቱ በአንድ ቱቦ ከተቀላቀሉ ዕድሉ ጠፋ፣ ይሄም እንግዲህ ቧንቧው ሳይቀበር የሚወሰን ነው።

አረንጓዴ ለሚባል ህንፃ የሚሰጠውን ሰርተፊኬት ብዙ ሰው የመጨረሻ ማረጋገጫ ያደርገዋል። ብሪያም የሚባለው የእንግሊዞቹ መመዘኛ በ1990 ነው የጀመረው፣ ከዛ የአሜሪካው ሊድ መጣ፣ የአለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ ያዘጋጀው ኤጅ ደግሞ በሃይል፣ በውሃና በማቴሪያል በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። ጥሩ ናቸው፣ አልቃወምም፣ ስነ ስርአት አምጥተዋል። ግን ሊድ በ4ኛው ቨርዥኑ ከ110 ነጥብ 40 ላገኘ ይሰጣል፣ 80 ሲደርስ ፕላቲኒየም ይሆናል፣ በመሀል ሲልቨርና ጎልድ አለ፣ ነጥቡም ከተለያየ ቦታ የሚለቀም ስለሆነ ሁለት እኩል ጎልድ ያላቸው ህንፃዎች በሃይል አጠቃቀም በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚ ጎልድ አገኘ ብቻ ሳይሆን ነጥቡን ከየት ከየት ሰበሰበው ተብሎ ይፃፍ። ተመዘገበ ማለትና ተሰጠው ማለትም አንድ አይደለም፣ መመዝገብ ማለት ማመልከቻ አስገባ ማለት ነው። ኔት ዜሮ የሚለውም እንዲሁ፣ በአመት ያመነጨውና የተጠቀመው እኩል ሆነ ማለት እንጂ ማታ ከኤሌክትሪክ መስመር አይወስድም ማለት አይደለም፣ ሃይል የሚያባክን ህንፃ ላይ ፓኔል መደርደር ደግሞ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፣ መጀመሪያ ፍላጎቱ ይቀነስ፣ የቀረው በፓኔል ይሸፈን።

የመጨረሻ ጥያቄዬ ለናንተ ነው። በዲዛይን ወቅት በኮምፒውተር የተገመተውና ህንፃው ስራ ሲጀምር በቆጣሪ የሚነበበው ብዙ ጊዜ አይገናኙም፣ ሰው መስኮት ሲከፍት ሲዘጋ፣ ማሽኑ በደንብ ሳይስተካከል ሲቀር፣ ማታ መብራት ሳይጠፋ ሲያድር ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚ የምርቃቱን ዜና ስትፅፉ የተገመተውን ቁጥር አብራችሁ አውጡት፣ ከአመት በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱና የ12 ወሩን የቆጣሪ ንባብ ከባለቤቱ ጠይቃችሁ ከጎኑ አትሙልን፣ ባለቤቱ አልሰጥም ካለም አልሰጥም ማለቱን ፃፉ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ