ለቤተ ሙከራ ቡድናችን አባላት፦ የሐሙስ ስብሰባ
የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣

የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት በሴሚናር ክፍሉ እንድንገናኝ የምጠይቃችሁ፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ የጀመርኩትን ፋይቴዝ የማጣራት ሥራ ከየት እንደምቀጥል አብረን ለመወሰን ነው።

ፋይቴዝ በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቲክ አሲድ የሚሰብር ኢንዛይም ሲሆን፣ እኔ የማወጣው ከበቀለ ገብስ ነው። እስካለፈው ዓርብ ድረስ ፕሮቲኑን አሞኒየም ሰልፌት በተባለ ጨው አዝቅጬ፣ ጨዉን በዳያሊሲስ (ትናንሽ ሞለኪውሎችን ብቻ በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) አስወግጄ፣ መጠኑንም ከፕሮቲን ጋር ሲጣመር ቀለሙ በሚለወጥ ማቅለሚያ በሚሠራው የብራድፎርድ ዘዴ በ595 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ለክቼ ነበር። ሆኖም ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም ባለመነሳቱ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበሩት ናሙናዎች ቀልጠው መብራት ሲመጣ እንደገና በረዶ ሆኑ፤ ሰኞ ስለካቸው ከፋይቲክ አሲድ ፎስፌት የመልቀቅ አቅማቸው፣ ማለትም የኢንዛይሙ የሥራ አቅም፣ ከዓርቡ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ናሙናውን በሙሉ በአንድ ቦታ ማስቀመጤና ፕሮቲንን ከበረዶ ጉዳት የሚከላከለውን ግሊሰሮል አለመጨመሬ የራሴ ስህተት መሆኑን አልሸሽግም።

የሚወሰነው በተረፈው ናሙና ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ሙላታቸው ወደሚለየው የማጣሪያ ቱቦ (አዮን ልውውጥ ኮለም) ልለፍ ወይስ ገብሱን ዳግም አብቅዬ ከመጀመሪያው ልነሳ የሚለው ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቢወስድም እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ በከፊል በተበላሸ ኢንዛይም የሚገኝ ውጤት ሊያሳስተን ይችላልና።

በዚያው ማቀዝቀዣ ናሙና ያላችሁ ሁሉ የቱቦዎቻችሁን ዝርዝርና የሥራ መዝገባችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ፣ መገኘት አለመገኘታችሁንም እስከ ረቡዕ ቀትር ድረስ እዚሁ እንድታሳውቁኝ፣ የማትመጡም ሐሳባችሁን በጽሑፍ እንድትልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።