ከቤት ስለሚማሩት ልጆችህ

ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን። ይህን ያህል ዘመን መጠፋፋታችን ከቂም የተነሣ እንዳልሆነ አንተም ታውቀዋለህ፤ ኑሮ ነው። አሁን ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ልጆችህን ከቤት ልታስተምር ማሰብህን ከእናትህ መስማቴ ነው። አሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ይህ የተፈቀደ ነውና ደግ ነው፤ ጀርመን ብትሆን ኖሮ ሕጉ ራሱ ይከለክልህ ነበር።

ሁለታችንም ዘጌ ላይ ከአባቴ ፊት ተቀምጠን ፊደል ቆጥረን፣ ዳዊት ደግመን፣ ሒሳቡንም በቡና ሚዛን ተምረን ያደግን ነንና ይህን ከአንተ በቀር ለማን እጽፋለሁ? ትምህርት ቤት ከአጥሩ ውጭ ያለውን ኑሯችንን ምን ያህል እንደሚመራ በውስጡ ያለፈ ሰው ልብ አይለውም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የልጁ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «ስንተኛ ወጣ?» ይባላል እንጂ ምን እንዳወቀ የሚጠይቅ የለም። ባሕር ዳርም ብትሆን ባለ ባጃጁ «ፖሊ፣ ፔዳ» እያለ የሚጣራባቸው ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተው ፖሊቴክኒክና ኋላ ከመጣው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑም ሕዝቡ ስሙን አልለቀቀም።

ይበልጥ የከነከነኝ ግን የዕድራችን ነገር ነው። በቅርቡ ስለ ድንኳን ግዥ ስንመክር ወንበሩ ሁሉ ወደ አንድ ጠረጴዛ ፊቱን አዙሮ ተደርድሮ አገኘሁት። የተማሩት ከፊት ሆነው እጃቸውን እያወጡ ተናገሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንኳን ሲተክሉና ሲነቅሉ የኖሩት አዛውንት ግን ከኋላ ተቀምጠው፣ እጅ አውጥቶ ፈቃድ መጠበቁን ስላልለመዱት፣ ትንፍሽ ሳይሉ ወጡ። ክብ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ።

ዕድሜን በክፍል መለየቱም እንዲሁ ነው። አባቴ ዘንድ ትልቁ ትንሹን ያስጠና ነበር፤ በጎጃም ቅኔ ቤቶችም እስከ ዛሬ አስነጋሪው፣ ማለት የመምህሩ ረዳት፣ ከእርሱ በታች ያሉትን ይዞ ያስጠናል። አሁን የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ሲጫወት መታየት ያሳፍረዋል። ሐይቁ ዳር ከአባቱ ጋር ደንገል እያሰረ ታንኳ የሚሠራውን ልጅ ደግሞ ማንም ተማሪ አይለውም፤ ስሙ «ትምህርት ያቋረጠ» ነው።

ይህን ስል ትምህርት ቤትን ማጥላላቴ አይደለም። ከማያውቁት ልጅ ጋር አንድ ወንበር ተጋርቶ ዓመቱን መግፋት እኛ ያላገኘነው ትምህርት ነው፤ በግል ተፈታኝነት አዳራሹ ስንገባ ሌሎቹ ተቃቅፈው ሲሣሣቁ እኔና አንተ ጥግ ይዘን መቆማችን ትዝ ይልሃል። ስለዚህ ቤት የምታስተምራቸው ከሆነ፣ መጽሐፉ የትም አይጠፋምና፣ ከመጽሐፉ በፊት ሰው ፈልግላቸው፤ ዕድሜው ባይገጥምም ግድ የለም።

የአባቴ የፊደል ገበታ እኔ ዘንድ አለ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘህ ንገረኝ፣ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ