ትልቁን ፋይል አደራ አያጥፉት

ሐዋሳ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው እሑድ ከአዳማ ሲደውሉልኝ መስመሩ እየተቆራረጠ ያሉኝን በግማሽ ብቻ ስለሰማሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ በቃል ከሚነገር ይልቅ ተጽፎ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቢቀመጥ ስለሚሻል፣ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልዎ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠውን የወንድሜን የሠርግ ቪዲዮ አሳንሰው ሲጨርሱ ትልቁን ፋይል አደራ አያጥፉት።

«16 ጂቢ የሚይዝ ፍላሽ ባዶውን እያለ 9 ጂቢውን ፋይል አልቀበልም አለኝ» ያሉኝ የፍላሹ ብልሽት አይደለም። ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው አሠራር ነው፤ ይህ ደግሞ ባዶው ቦታ ምንም ያህል ቢሰፋ፣ 4 ጂቢ የሚሞላን አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ቢለወጥ ፋይሉ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ሳሎን ያለው የቆየ ቴሌቪዥን ያንን ላያነብልዎ ይችላል። ስለዚህ ቪዲዮውን ለማሳነስ ማሰብዎ ትክክል ነበር። እኔን ያስደነገጠኝ ግን «ካነሰ በኋላ ትልቁ ምን ያደርጋል?» ማለትዎ ነው።

ሰነዶችን በዚፕ ስናጠቃልል መልሰን ስንፈታቸው እንደነበሩ እናገኛቸዋለን፤ ቪዲዮ ግን እንደዚያ አይደለም። እርስዎ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ ይስሉና፣ ዓባይን ለመጨመር ሲፈልጉ ሰሌዳውን ሁሉ አጥፍተው እንደ አዲስ አይጀምሩም ነበር፤ ጠመኔው የሚነካው የሚለወጠውን ብቻ ነው። ቪዲዮ የሚያሳንሰው ፕሮግራምም እንዲሁ በየሰከንዱ ከሚያልፉት 25 ሥዕሎች አንዳንዱን ብቻ ሙሉ አድርጎ ይይዝና፣ ለሌሎቹ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። በዚህም ሳያበቃ ዓይን አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ጥቃቅን ነገር ይጥላል፤ አንዴ የጣለውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ የሚለወጠው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ቦታ አይፈጅም፤ ዳሱ ውስጥ እስክስታው ሲቀልጥ ግን ቦታውን የሚበላው ያ ነው። የቪኤችኤስ ካሴት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው አሸዋ መሳይ ነገር ከሥዕል ሥዕል ስለሚለያይ፣ ፕሮግራሙ እንቅስቃሴ እየመሰለው ቦታ ያባክንበታል።

ባለፈው ወር በቴሌግራም የላኩልኝን ቅጂ ከዋናው ጋር ጎን ለጎን ከፍቼ አየሁት። ያ ቅጂ፣ እንደነገሩኝ፣ አንድ ጊዜ ካነሰው ላይ እንደገና የተሠራ ነው። አያቴ እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዳሱ ጥግ ተቀምጠው በሚታዩበት ቦታ በዋናው ላይ የነጠላቸው ጥለት አረንጓዴውና ቀዩ ተለይቶ ይታያል፤ በቅጂው ላይ ግን ተደባልቆ አንድ የቀለም ጭረት ሆኗል፣ ከጀርባቸው ያለው ጨለማም በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ተሞልቷል። እማማ የሚታዩበት ሌላ ቪዲዮ የለንም። ስለዚህ ለስልክም ሆነ ለቴሌቪዥን ቅጂ በፈለጉ ቁጥር ከዋናው ይሥሩ፤ ከቅጂ ላይ ቅጂ አይሥሩ።

ለሥራው ሃንድብሬክ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ክፍያ የማይጠየቅበት ፕሮግራም ነው፤ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱት። ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው፤ እኔ ከዓመታት በፊት «ነፃ» የተባለ ሌላ መቀየሪያ ጭኜ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት ሳየው በሙሽሮቹ ፊት ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ለጥፎበት አገኘሁት፤ እሱን ለማንሣት ደግሞ ገንዘብ ጠየቀኝ።

ፕሮግራሙን ሲከፍቱ «ኦፕን ሶርስ» ብለው ትልቁን ፋይል ይምረጡ። ከፕሪሴቶቹ፣ ማለትም አስቀድመው ከተዘጋጁት ምርጫዎች ውስጥ «ፋስት 576ፒ25» የሚለው ለእኛ ካሴት ልክ ነው። ከፍ ያለ ጥራት የሚያመለክተው 1080 ቢያጓጓዎም አይንኩት፤ ካሴቱ ላይ ያልተቀረጸ ጥራት ከየትም አይመጣም፣ ፋይሉ ብቻ በከንቱ ያብጣል። «ቪዲዮ» በሚለው ገጽ ኤች 264 የሚለው የማሳነሻ ዘዴ እንደተመረጠ ይሁን፤ አዲሱ ኤች 265 ይበልጥ ያሳንሳል፣ ነገር ግን የእርስዎ ቴሌቪዥን እሱን የሚያውቀው አይመስለኝም። እዚያው ገጽ ላይ ያለውን የጥራት ቁጥር 20 ላይ ያድርጉት፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጥራቱም የፋይሉ መጠንም ስለሚጨምር እንደ ተማሪ ውጤት አይቁጠሩት። «ፊልተርስ» በሚለው ውስጥ ደግሞ «ዲኮምብ» መመረጡን ይመልከቱ፤ እሱ ከሌለ ጨፋሪዎቹ ትከሻቸውን በነቀነቁ ቁጥር ዳርና ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሸነሸናል።

የቪዲዮውን ሦስት ሰዓት በሙሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን ከእስክስታው ሁለት ደቂቃ፣ ከእማማ ሁለት ደቂቃ ብቻ ለይተው ይሞክሩ፤ «ሬንጅ» በሚለው ቦታ «ሰከንድስ» መርጠው መነሻና መድረሻውን መጻፍ ይበቃል። ሙከራውን ፍላሽ ላይ አድርገው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ላይ ይዩት፤ ስልክ ላይ ሁሉም ቆንጆ ነው። እኔ ቤት ሙሉው ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጅቶ 1.9 ጂቢ ሆነ። መብራት በመሀል ከጠፋ ግማሽ ላይ የቀረው ፋይል አይከፈትም፤ የሥዕሎቹ ማውጫ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። ያንን ያጥፉትና እንደገና ይጀምሩ፤ ሃንድብሬክ አዲስ ፋይል ስለሚጽፍ ዋናውን አይነካውም፣ ለአዲሱ የተለየ ስም መስጠትዎን ብቻ አይርሱ።

የእኔን ሃርድ ዲስክ አጎቴ ቅዳሜ ወደ አዳማ ሲመጣ ይዞልዎ ይመጣል። ትልቁን 9 ጂቢ ፋይል እሱ ላይ ገልብጠው መልሰው ለአጎቴ ይስጡት፤ አንዱ እርስዎ ጋ፣ ይህኛው ደግሞ ተጨማሪ መጠባበቂያ ሆኖ ሐዋሳ እኔ ጋ ይቀመጣል። ካሴቱንም ቴሌቪዥኑ ሥር ከሙቀቱ አጠገብ አይተዉት፤ እማዬ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቦታ ትፈልግለት። ሙከራውን እንዳዩ የእማማ ጥለት ቀለሙ ተለይቶ ይታይ እንደሆነ ይደውሉልኝ፤ ካልታየ የጥራት ቁጥሩን ወደ 18 እናወርደዋለን።

አክባሪ ልጅዎ