እማዬ፣ መንዳቴን ስትሰሚ አትደንግጪ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ከርመሻል? አባዬስ ጉልበቱን ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ሚጡ እንድታነብልሽ በቴሌግራም ጻፍኩት፤ በስልክ ስናወራ ገና «መኪና» ከማለቴ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ አንዱንም ነገር ጨርሼ ሳልነግርሽ ይመሻል። ሚጡ፣ አንዲት መስመር ሳታስቀሪ አንብቢላት እሺ?

አዎ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። አዎ፣ ብቻዬን እነዳለሁ። ማታም ጭምር።

ለምን እንዳስፈለገኝ ልንገርሽ። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። ጠዋት አንዷን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ቁርሷን ሰጥቼ እወጣለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰፈር ላለው ሽማግሌ መድኃኒቱን እሰጣለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ጋ። ይህን ሁሉ በአውቶቡስ ነበር የማደርገው። ያለሁበት ሼፊልድ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ብቻ የሆነ የእንግሊዝ ከተማ ነው። በታኅሣሥ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፣ እሑድ አውቶቡሱ ይቀንሳል፣ ፌርማታ ላይ በብርድ ቆሜ የምጠብቅበትን ጊዜ ደግሞ ማንም አይከፍለኝም። ጥሩ ጥሩውን ፈረቃ መንጃ ፈቃድ ያላቸው ይወስዱታል፣ ለእኛ ለእግረኞቹ የተረፈው ይደርሰናል። እና ምን ላድርግ?

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከደጀን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ አውቶቡሱ አባይ በረሃን መውረድ ሲጀምር የሰዉ ወሬ ቀጥ ይላል። ሁሉም ያማትባል። የጋለ ፍሬን ይሸታል። አንዱ በመስኮት አሻግሮ ገደል የገባ መኪና ያሳያል፣ አንቺ ደግሞ ዓይኔን በነጠላሽ ትሸፍኚኛለሽ። እንዲህ አድጌ መሪ ስይዝ እግሬ ባይንቀጠቀጥ ነው የሚገርመኝ!

መጀመሪያ በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና አለ። 50 ጥያቄ ነው፣ ለማለፍ 43 መመለስ አለብሽ። ድሮ በሌሎች ቋንቋዎችም ይፈተኑ ነበር አሉ፤ ከፈረንጆቹ 2014 ወዲህ ግን ወይ በእንግሊዝኛ ወይ በዌልስ ቋንቋ ነው። እኔ ከሥራ መልስ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ አጠናሁ። ሁለተኛው ክፍል ቪዲዮ ነው፤ 14 አጫጭር ቪዲዮ ያሳዩሽና አደጋ ሊመጣ ነው ብለሽ ስታስቢ ትጫኛለሽ፣ ከ75 ነጥብ 44 ካገኘሽ በቃ። እዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው የሚያክል የለም። ከየት መጣ ሳይባል አህያ፣ ፍየልና ሕፃን አንድ ላይ ዘው የሚሉበት መንገድ ላይ ያደገ ሰው አደጋን ከሩቅ ያውቃታል።

ልምምዱ ነው ያንገላታኝ። እዚህ በግራ ነው የሚነዳው፤ መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ። የመጀመሪያው አስተማሪዬ ይጮህ ነበር። ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠውን፣ ቶሎ ለቀቅሽ ብሎ ይጮሃል፣ ዘገየሽ ብሎ ይጮሃል፣ ስፖኪዮ አላየሽም ብሎ ይጮሃል። ሰዓቱ ከሰላሳ አምስት ፓውንድ በላይ እየተከፈለው! ቤት ስገባ ጀርባዬ በላብ ርሶ ነበር። «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብዬ ልተወው ጥቂት ነው የቀረኝ። ከዚያ አብራኝ የምትሠራ የኤርትራ ልጅ «መንዳቱን ሳይሆን ሰውዬውን ተይው» አለችኝና ወደ ራሷ አስተማሪ ወሰደችኝ። ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። በእሱ መቀመጫ በኩልም ፍሪሲዮንና ፍሬን ስላለ ብሳሳት እሱ ይይዘዋል፣ ስለዚህ እማዬ፣ በልምምዱ ጊዜ ብቻዬን አልነበርኩም።

ይህ ሰው ምን አደረገ መሰለሽ? በጣም የምፈራው ዳገት ላይ መብራት ይዞኝ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ነበር። አገር ቤት ቢሆን ከኋላ ክላክሱ ያደነቁርሻል፤ እዚህ ዝም ብለው ይጠብቁሻል፣ ዝምታቸው ደግሞ ይብሳል። ሽማግሌው ጭር ያለ ሰፈር ወሰደኝና «አሁን ሆን ብለሽ አጥፊው» አለኝ። አጠፋሁት። «የእጅ ፍሬን ሳቢ። ፍሪሲዮን ርገጪ። አስነሺ። አንደኛ ማርሽ። ሂጂ።» ደግመን አጠፋነው፣ ደግመን አስነሳነው፣ እስኪሰለቸኝ ድረስ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲጠፋብኝ እጄና እግሬ ራሳቸው ያውቁት ነበር፤ ማልቀሻ ጊዜም አልነበረኝም። ለካ ስፈራ የኖርኩት «ቢጠፋስ?» የሚለውን ሐሳብ ነው እንጂ፣ ሞተር መጥፋት ቁልፍ እንደመጠምዘዝ ያለ ሥራ ነው። ፈተና ላይ እንኳ ሞተር ስለጠፋ ብቻ ትወድቂያለሽ ማለት አይደለም።

ሌላው ደግሞ የማየውን ሁሉ ጮክ ብዬ እንድናገር አደረገኝ። በእንግሊዝኛ ምላሴ ሲተሳሰር «በራስሽ ቋንቋ አውሪ» አለኝ። እኔም በአማርኛ ለቀቅኩት፦ ብስክሌት አለ፣ አሮጊቷ ዜብራ ልትሻገር ነው፣ የቆመው መኪና በሩን ሊከፍት ይችላል፣ ትራም መጣ፣ ሐዲዱ ርጥብ ነው ቀስ በይ። እሱ አንድ ቃል አይገባውም፣ ግን ዓይኔ የት የት እንደሚሄድ ከድምፄ ያውቅ ነበር። አፌ ሥራ ሲይዝ ጭንቀቱ ቦታ አጣ።

አደባባዩ ግን ጊዜ ወሰደ። አራት ኪሎ ላይ ሐውልቱን በግራሽ እያደረግሽ ነው የምትዞሪው፣ እዚህ መሀሉን በቀኝሽ አድርገሽ ነው። ቅድሚያ የምትሰጪው ከቀኝ ለሚመጣው። ጭንቅላቴ ገብቶታል፣ አንገቴ ግን እንቢ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል። በመጨረሻ እሑድ ጠዋት፣ ከተማው ሳይነቃ፣ አንዱን አደባባይ ደጋግመን ዞርነው፤ የወተት ሰውዬው ያበድን ሳይመስለው አይቀርም።

ጋሼንም አመስግኝልኝ። ጤፍ ጭኖ ጎሃ ጽዮን ላይ ሻይ ሲጠጣ ነበር የምደውልለት። «ፍሪሲዮኑን ስትለቂ ሞተሩን ስሚው፤ ድምፁ ወፈር ሲል፣ አፍንጫው ብድግ ሲል፣ ያኔ ይዟል ማለት ነው» ያለኝ እሱ ነው። ቁልቁለትም እንዲሁ፦ ፍሬን ላይ ተጣብቀሽ አትውረጂ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ፣ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሻል። በአባይ በረሃ አይሱዙ የሚያወርድ ሰው የሼፊልድን ቁልቁለት ባያውቅ ነበር የሚገርመው። «ክላክስ አትቆጥቢ» ያለኝን ግን አልሰማሁትም። እዚህ ክላክስ ስድብ ነው።

የመንገድ ላይ ፈተናው 40 ደቂቃ ያህል ነው። ፈታኟ ጎኔ ተቀምጣ ታብሌት ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ጣቷን ባነሳች ቁጥር ወደቅሁ እያልኩ ነበር። ትንንሽ ስህተት እስከ 15 ይፈቀዳል፣ ከባድ ከሆነ ግን አንዱ ይበቃል። ከመጠን በላይ ማመንታትም ስህተት ነው፤ ያቺ የኤርትራ ልጅ መጀመሪያ የወደቀችው አደባባይ ላይ መግባት እየቻለች ቆማ ስትጠብቅ ነው። ሞተር ከማስነሳቴ በፊት አማተብኩ። ፈታኟ ምንም አላለችም፣ ቀበቶዋን ግን ሳብ አድርጋ አየች። አለፍኩ።

አሁን አሮጌ ያሪስ ገዝቻለሁ፣ እናንተ ቪትዝ የምትሉት። ኢንሹራንሱ ከመኪናው አይተናነስም፣ ስለሱ ባናወራ ይሻላል። ሰፈር ውስጥ በሰዓት 20 ማይል ነው የሚነዳው፣ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የደብረ ማርቆስ ባጃጅ ሳይቀድመኝ አይቀርም። መንገዱ በረዶ ከሠራ መኪናውን አላነሳም፣ ለቢሮው ደውዬ እናገራለሁ። አሁንም ዝናብና ጨለማ አንድ ላይ ሲመጡ ሆዴ ይጨንቀዋል፣ አልዋሽሽም፤ ያኔ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ ሬዲዮውን እዘጋለሁ።

ሚጡ፣ አንቺ ደግሞ ልማር ብለሽ ነበር አይደል? የምትችይበት ጊዜ ሲደርስ የልምምዱን ገንዘብ እኔ እችላለሁ፣ ግን ሳትማሪ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡልሽ ሰዎች ጋ ብትሄጂ አንድ ሳንቲም አልልክም። አስተማሪው ከጮኸብሽም ቀይሪው፣ አትፈሪ።

እማዬ፣ ለገብርኤል ጥላ ተስለሽ እንደነበር ሚጡ ሹክ አለችኝ። ለምን ደበቅሽኝ? ብሩን በጋሼ ስም ልኬዋለሁ። ሐምሌ 19 ሳይደርስ አዲስ አበባ ጤፉን ሲያራግፍ መርካቶ ወርዶ ይግዛው፤ ርካሹን እንዳይገዛ፣ ዘርፉ ደህና የሆነውን። የተረፈውን ቡና ግዢበት።

ልጅሽ